ከሦስቱ አንዱን ይምረጡ

በመጋቢት ሁለተኛ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በኤልደን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ሦስት ሰዎች የግብር ፎርም ሊሞሉ ተቀምጠው ነበር፤ ኤልደን ራሳቸው፣ የሟች ባለቤታቸው የቨርና ታናሽ እህት አርዲስ፣ እና የአሥራ አምስት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ኮሪን። ላፕቶፑ የኮሪን ነበር፤ የአጃ ኬኩ የአርዲስ። ስልኩ ደግሞ የኤልደን ነበር፤ ሥራውን ሁሉ ያስቆመውም እሱ ነበር።

«አባባ፣ ኮዱ መጥቷል» አለች ኮሪን። «ስድስት ቁጥር ነው። ቶሎ ያንብቡልኝ፣ ይቃጠላል።»

«ምኑ ነው የሚቃጠለው?»

ኤልደን ታጣፊ ስልካቸውን ከፍተው ክንዳቸው እስከቻለ ድረስ አራቁት። መነጽራቸው መኪና ውስጥ ቀርቷል። በበረዶው ላይ እየተጠነቀቁ ሄደው ይዘውት ሲመለሱ የኮዱ ጊዜ አልፎ ነበር፤ ኮሪን ሌላ ጠየቀች። በሁለተኛው ኤልደን አንዷን ስድስት ዘጠኝ አሏት። በሦስተኛው ገቡ።

«በዚህ አያያዝ መንግሥት ራሱ ሰልችቶት ይምርሃል» አሉ አርዲስ፣ ኬክ እየቆረጡ።

በዚያ ቤት የግብር ሥራ የቨርና ነበር። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በየመጋቢቱ፣ ጠረጴዛውን ያጸዱና እርሳስ ቀርጸው ይቀመጣሉ፤ እስኪጨርሱ ድረስ ማንም እንዲያነጋግራቸው አይፈቅዱም ነበር። ቨርና ከሞቱ አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሆኗል። አምና ኤልደን ወረቀቱን ይዘው ገበያ ማዕከሉ ውስጥ ቢሮ ወዳለው አንድ ሰው ሄደው ነበር። ሰውየው ሦስት መቶ ሰማንያ ዶላር ተቀብሎ ስማቸውን በስህተት ጻፈላቸው። ዘንድሮ ደጁን አልረግጥም አሉ። ኮሪን ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ አይስክሬም ቤት ስለምትሠራ፣ የካቲት ላይ የራሷን ግብር በላፕቶፕ ሞልታ ስልሳ አንድ ዶላር ተመላሽ አግኝታለች። ይህን ወሬ በየእሑዱ ምሳ ላይ ስታነሳ ስታጥል ሥራው ወደ እሷ መጣ።

የኮሪን ፎርም አንድ ገጽ ብቻ ነበር። የኤልደን ጣጣ ግን አክሲዮን አለበት። ቨርና በከተማው የወረቀት ፋብሪካ ቢሮ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠሩ፣ ከየደሞዛቸው ትንሽ ትንሽ እያስቆረጡ የፋብሪካውን አክሲዮን ይገዙ ነበር። ያኔ ኤልደን በቦቴ መኪና ከየእርሻው ወተት ይሰበስቡ ነበር፤ አክሲዮን የሚባለውን ነገር የሚያውቁት በሚስታቸው አፍ ብቻ ነው። አምና ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ሁሉንም ሸጡት። ጣሪያው ተሠርቶ አራት ሺህ አምስት መቶ ዶላር ተረፈ። ከዚያ ላይ ሁለት ሺህ አንድ መቶው ለኮሪን ተብሎ ተለይቷል። የትምህርት ቤቷ የሙዚቃ ባንድ ለሐምሌ አራቱ የነጻነት ቀን ሰልፍ ዋሽንግተን ይሄዳል፤ እሷም ሁለተኛ ትራምፔት ናት። የጉዞው ክፍያ እስከ ወሩ መጨረሻ መግባት አለበት።

አክሲዮኑን የሸጠላቸው ድርጅት የሽያጩን ፎርም አዘጋጅቶ ድረ ገጹ ላይ አስቀምጦታል። ቁጥር በቁጥር መገልበጥ አያስፈልግም። የግብር ፕሮግራሙን ከፍቶ የድርጅቱን ስም መምረጥ፣ በኮዱ መግባት፣ ከዚያ «አምጣ» የሚለውን መጫን ነው፤ ፕሮግራሙ ፎርሙን ራሱ ሄዶ ያመጣዋል። ኮሪን ይህን ስታስረዳ ኤልደን አዲስ ትራክተር እንደሚያይ ገበሬ ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አሉ። ቁልፉን እኔ ልጫነው ብለው ጠየቁ። ፈቀደችላቸውና ወተት ልታወጣ ወደ ማቀዝቀዣው ሄደች።

ስትመለስ በስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው ቁጥር ቀይ ሆኗል። የሚከፈል ግብር፣ ዘጠኝ ሺህ አንድ መቶ አርባ ዶላር ይላል።

ኤልደን እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሱ፤ የሰበሩት ነገር ያለ ይመስል።

«አባባ» አለች ኮሪን ዝርዝሩን እያየች፣ «‹አምጣ› የሚለውን ስንት ጊዜ ነው የተጫኑት?»

«አንዴ።» ትንሽ አሰቡ። «ዝም ሲለኝ ደግሞ አንዴ።»

«ይሄ ሰው ሊፍትም የሚጠራው እንደዚህ ነው» አሉ አርዲስ።

ፎርሙ ሁለት ጊዜ መጥቶ ነበር። አንድ ሽያጭ ሁለት ሆኖ ተቆጥሯል። ኮሪን አንደኛውን አጠፋችው፤ ቁጥሩ ወደ አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ወረደ። ኤልደን ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ኮሪን ግን አልለቀቀችም። ከጣሪያው የተረፈውን ገንዘብ ታውቀዋለች፣ መቀነስም ታውቃለች።

ከቁጥሩ ሥር አንድ ቢጫ ምልክት ነበር፤ ጫነችው። ድርጅቱ አክሲዮኑ መቼና በስንት እንደተገዛ ስለማያውቅ ሁለቱን ቦታዎች ባዶ ትቷቸዋል። ባዶ ሲሆን ደግሞ ፕሮግራሙ አክሲዮኑ በነጻ እንደተገኘ ይቆጥርና ሽያጩን በሙሉ ትርፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ይጠይቃል። «አክሲዮኑን እንዴት አገኙት? ከሦስቱ አንዱን ይምረጡ።» ገዛሁ። በስጦታ አገኘሁ። ወረስኩ።

«ሦስተኛው ነው» አለች ኮሪን።

«የመጀመሪያው ነው» አሉ ኤልደን።

ኮሪን የምታውቀውን አስረዳች። አክሲዮኑ በቨርና ስም ነበር፤ ወደ እሳቸው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ወረስኩ» ከተባለ መነሻ ዋጋው ያኔ የነበረው ይሆናል፣ ከሽያጩ ዋጋ ብዙም አይርቅም፣ ትርፉ እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም። «ከዚያ በኋላ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ተጠቀመችበት። ከምን በኋላ እንደሆነ ግን አልተናገረችም።

«እኔ ምንም አልወረስኩም» አሉ ኤልደን በቀስታ። «ሰው አጎቱን ይወርሳል፣ አክስቱን ይወርሳል።»

«እኔን እያየህ አትናገር» አሉ አርዲስ።

«ይሄ የኔና የቨርና ነው። እሷ ስትገዛ የቤቱን አስቤዛ የምሸፍነው እኔ ነበርኩ። ገዛን። ገዛሁ በይው።»

«በስንት ነው የተገዛው ታዲያ?» ብላ ጠየቀች ኮሪን።

እሱን ማንም አያውቅም። የሠላሳ ዓመት የደሞዝ ወረቀት አስቀምጦ የሚኖር ሰው የለም። ኤልደን ግን የመጣው ይምጣ አሉ። የተባለውን እንከፍላለን፣ ጉዞሽ ደግሞ አይነካም፣ ቃል ቃል ነው አሏት። ጀልባዋን ይሸጧታል። ለነገሩ ወገባቸውም እንደ በፊቱ አይደለም፤ ዓሣ ማጥመዱ ቢቀርም ይቀራል። ይህን ብለው ኮታቸውን ለበሱና በጓሮ በር ወደ ጋራዡ ወጡ።

በሩ ሲዘጋ አርዲስ ቢላዋውን አስቀመጡ።

«ይሄ ችኮ» አሉ፤ አባባላቸው ግን የቁጣ አልነበረም። ኮሪን ወንበሯ ላይ እንዳለች አርዲስ ሌላ ነገር ነገሯት። በጾሙ ወራት ዓርብ ዓርብ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የዓሣ ጥብስ ያዘጋጃል፤ አርዲስ እዚያ ቲኬት ይቆርጣሉ። ኤልደን በየዓርቡ ሁለት ሳህን ይገዛሉ። አንዱን እዚያው ይበላሉ፣ አንዱን በፎይል ጠቅልለው ወደ ቤት ይዘው ይሄዳሉ። ሁለተኛው ለማን ነው ብለው አርዲስ ጠይቀው አያውቁም። ማንም ጠይቆ አያውቅም።

«እና ምን ላድርግ?» አለች ኮሪን።

«አንቺ ተጫኚው። እሱ እንደሆነ የሚያየው የመጨረሻውን ቁጥር ነው። ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው፣ ውሸት አይደለም። አንድ ቃል ለማዳን አራት ሺህ ዶላር እናቃጥል?»

የኮሪን ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። የባንዱ ልጆች ሆቴል ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚያድር እየተጨቃጨቁ ነበር። አንዷ ልጅ ኮሪንን ለራሷ ይዛለች፤ አንኮራፊ እንዳይደርስባት ብላ። ኮሪን ስልኩን ገለበጠችው።

ከዚያ «ወረስኩ» የሚለውን ተጫነች።

ፕሮግራሙ ቀን ጠየቃት። ቀኑን ለማስታወስ ማሰብ አላስፈለጋትም፤ ጥቅምት አሥር። የዚያን ቀን የአክሲዮን ዋጋ ጠየቃት። ፈልጋ አገኘችው፤ አርባ ስድስት ዶላር ከአሥራ ስምንት ሳንቲም። አስገባችው። ቀዩ ቁጥር ቁልቁል ሄዶ ሠላሳ ስምንት ዶላር ላይ ቆመ።

«አየሽ?» አሉ አርዲስ። አንድ ቁራሽ ኬክ አነሱና ገፋ አደረጉላት፣ እንደ ሽልማት።

ኮሪን ደስ አላት። እውነት ለመናገር በጣም ደስ አላት። ዋሽንግተን አለ፣ ጀልባዋ አለች፣ አራት ሺህ አምስት መቶውም ብዙም አይነካም። ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈች፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። መጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ነበር። ከላይ የተሞላውን ሁሉ አንብቤዋለሁ፣ እስከማውቀው ድረስ እውነት ነው ይላል። ከሥሩ ኤልደን ስማቸውን የሚጽፉበት ባዶ ቦታ አለ።

አያቷ እንዴት እንደሚጽፉት ታውቃለች። በሁለት ጣት፣ ፊደል በፊደል እየፈለጉ ይጽፉታል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ «ጨረስሽው፣ ጎበዝ» ይሏታል። አያነቡትም። የማያነቡት ስለማይገባቸው አልነበረም፤ የሞላችው እሷ ስለሆነች ነው።

ኮሪን ኬኩን አልነካችውም። ገጾቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ መለሰቻቸው። ምልክቱን ከ«ወረስኩ» ላይ አነሳች። ቀኑ ጠፋ፣ ዋጋው ጠፋ፣ አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት እንደገና ቀይ ሆኖ መጣ።

«ምን አደረግሽ አንቺ?»

«መለስኩት፣ አክስቴ።»

«ጉዞሽስ?»

ኮሪን ቦት ጫማዋን አጠለቀችና ወጣች።

ጋራዡ ውስጥ ጀልባዋ ከሸራዋ ግማሽ ወጥታ ነበር። ኤልደን ባልዲ ላይ ተቀምጠው፣ ጉልበታቸው ላይ በዘረጉት ካርቶን ላይ በወፍራም ማርከር የሽያጭ ማስታወቂያ ይጽፋሉ። ሦስት ሺህ ብለው ጽፈው ሰርዘውታል። ሦስት ሺህ አምስት መቶ ብለውም ሰርዘውታል። አሁን አራት ሺህ ላይ ናቸው። ጀልባዋ ሁለት ሺህ ካወጣች ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን ኮሪንም ታውቃለች።

«ማንም እንዳይገዛት ነው የሚፈልጉት?»

«በደንብ የተያዘች ናት» አሉ ኤልደን።

ኮሪን የጀልባዋን ጎን ተደግፋ ቆመች። እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች፣ መልሳ አወጣችው።

«እርስዎ ሲወጡ ‹ወረስኩ› የሚለውን ተጭኜው ነበር» አለች።

ኤልደን ማርከሩን ከካርቶኑ ላይ አላነሱም፤ እዚያው ቆሞ ቀለሙ እየተስፋፋ ሄደ።

«አርዲስ ናት» አሉ።

«ጣቱ የኔ ነው። ከዚያ መለስኩት። ሳያዩት እንዲፈርሙ አልፈለግኩም።»

ቀና ብለው አዩዋት።

«ፎርሙ የማን ነበር ብሎ አይጠይቅም፣ አባባ» አለች ኮሪን። «ዋጋው ከየትኛው ቀን ይቆጠር ነው የሚለው። ሌላ ነገር የለውም።»

«ከየትኛው ቀን?»

«ከጥቅምት አሥር።»

ኤልደን ማርከሩን ከደኑት። «ያን ቀንም ዋጋ ነበረው እንዴ?»

«ገበያው ክፍት ነበር። ማክሰኞ ነበር።»

ይህን ሲሰሙ ካርቶኑን ወለሉ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ እስከዛሬ ያልነገሯትን ነገር ነገሯት። ያን ቀን ጠዋት ከሆስፒታሉ ወጥተው መኪና ማቆሚያው ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ሞተር ሳያስነሱ ተቀምጠው ነበር። በመንገዱ ላይ አንድም መኪና ሲያልፍ አላዩም። ወይም አልፎ ይሆናል፣ እሳቸው አላዩ ይሆናል። ከተማው በሙሉ የቆመ መስሏቸው ነበር። ለካ ሰው ሲሸጥና ሲገዛ ውሏል።

«ስንት ነበር?» አሉ በመጨረሻ።

«አርባ ስድስት ከአሥራ ስምንት ሳንቲም።»

ኤልደን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሐሙስ ዕለት ጋዜጣ አምጣልኝ ብላኝ አመጣሁላት። አልጋ ላይ ሆና፣ ያ ቱቦ አፍንጫዋ ላይ እያለ፣ ሃምሳ ሊገባ ነው፣ እንዳትሸጥ አለችኝ። ወደ አርባ ስድስት መውረዱን ብታይ ነርሷን ነበር የምትቆጣው።»

ኮሪን መሳቅ አልፈለገችም ነበር፣ ግን አመለጣት። እሳቸውም ሳቁ፣ ትከሻቸው ብቻ እየተነቀነቀ። ሳቁ ሲያልቅ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ፤ ኮሪን የጀልባዋን ሞተር የምታይ መሰለች።

«ሌላ ምርጫ የለውም? የሁለታችን የሚል?»

«ፈልጌ ነበር። ሦስት ብቻ ነው።»

«ቀሽም ፕሮግራም።»

«በጣም ቀሽም» አለች ኮሪን። ከዚያ ከወጥ ቤቱ በልቧ ይዛው የመጣችውን ተናገረች። «ገዛሁ ማለት ከፈለጉ እንደዚያው አድርጌ እሞላዋለሁ። ስሙ የእርስዎ ነው። ግን ጀልባዋ አትሸጥም። ግብሩን ከጉዞው ገንዘብ ይክፈሉት። ሰልፉ እንደሆነ በየዓመቱ አለ።» ድምፅዋ እስከ መጨረሻዋ ቃል ድረስ አልከዳትም፤ እዚያ ላይ ትንሽ ተንሸራተተ።

ኤልደን ወደ እሷ ዞሩ።

«ሁለተኛ ትራምፔት ብትጎድል ሰው ያውቃል?»

«ማንም አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ» አሉና ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሡ። ሸራውን በአንድ ጫፍ እሳቸው፣ በአንድ ጫፍ እሷ ይዘው ጀልባዋን አለበሷት።

ወጥ ቤት ውስጥ አርዲስ ሳህን እያጠቡ ነበር፤ ዞር ብለው አላዩም፣ አልጠየቁም። ኤልደን ወንበር ስበው ላፕቶፑ ፊት ተቀመጡ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ፤ እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት፣ ያልገባቸውን ጠየቁ፣ ሁለት ቦታ ላይ ከኮሪን ጋር ተከራከሩ። ሦስቱ ምርጫዎች ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ኮሪን እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ጠበቀች። ኤልደን ሦስተኛውን ተጫኑ። ቀኑን ራሳቸው ጻፉት፣ ዋጋውንም። መጨረሻው ገጽ ላይ ስማቸውን ጻፉ።

ፎርሙ አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ተላከ። ሐሙስ ዕለት ከባንክ ሒሳባቸው ሠላሳ ስምንት ዶላር ወጣ፤ በማግስቱ የኮሪን የጉዞ ገንዘብ ተከፈለ።